የጉበት ትል፦ በዓይን የማይለየው በዘር ምርመራ ይለያል

በሬዲዮ የቀረበውን የጤና ትምህርት እነሆ በጽሑፍ። በአያሃ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ከከብት ጋር ያደጋችሁ ናችሁ። ከብት ሲታረድ ጉበቱ ጠንክሮ፣ የሐሞት ቱቦው ወፍሮ፣ ውስጡም ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ተገኝቶ ያያችሁ አትጠፉም። የዛሬው ርዕሳችን እሱ ነው።

ትሉ እንዴት ይተላለፋል?

የትሉ እንቁላል ከእበት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያም ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሲወጣ በውሃ ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል። ያንን ሣር የጋጠ በሬ፣ በግ ወይም ፍየል ይያዛል። ከብቱ ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም አገጩ ሥር ያብጣል።

ለምን የዘር ምርመራ አስፈለገ?

ትሉ ሁለት ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ፋሲዮላ ሄፓቲካ በደጋ፣ ፋሲዮላ ጂጋንቲካ በቆላ ይበዛል፤ በመካከለኛው ከፍታ ሁለቱም ይገኛሉ። የመጀመሪያው እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ነገር ግን ያልጠና ረጅሙ ትል ያደገውን አጭሩን ሊመስል ይችላል። እንቁላሎቻቸውም ይመሳሰላሉ፤ በሚገናኙበት አካባቢ ደግሞ ሊዳቀሉ ይችላሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ከትሉ ዲ ኤን ኤ ያወጣል። በኮቪድ ጊዜ ስሙን በሰማችሁት የፒ ሲ አር ዘዴ የተመረጠውን ክፍል ያበዛዋል። ክፍሉ በሁለቱ ትሎች ላይ በጥቂት ቦታዎች ስለሚለያይ ማንነታቸው ይታወቃል። ጥቅሙ ምንድን ነው? የሄፓቲካ ቀንድ አውጣ የውሃ ዳር ጭቃ ይወዳል፤ የጂጋንቲካው የማይደርቅ ውሃ ይፈልጋል። ትሉ ከታወቀ ከብቱ ከየትኛው ግጦሽ መራቅ እንዳለበት ይታወቃል።

ሰውስ ይያዛል?

አዎን፣ ይያዛል። ዋናው መንገድ በረግረግ የበቀለ ጥሬ ቅጠልና ያልፈላ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝ አገር ከውጭ የመጣ ጫት የቃሙ ሰዎች በዚህ ትል መያዛቸውን ሐኪሞች ጽፈዋል። በደንብ የበሰለ ጉበት ግን አያስይዝም።

ትኩሳት፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ ማስመለስ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጥሬ ቅጠል ወይም ጫት ትጠቀሙ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። በሽታው ከያዘ በኋላ እንቁላሉ በሰገራ እስኪታይ ወራት ስለሚወስድ፣ አንድ ምርመራ «ነፃ ነህ» ቢል ብቻውን አይበቃም።

መድኃኒቱ ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ለሁለቱም ዓይነት ትል ያገለግላል። የተለመደው የሆድ ትል ኪኒን ግን አይተካውም። ለከብት የተዘጋጀውንም በራሳችሁ አትዋጡ፤ መጠኑን በክብደታችሁ ልክ የሚወስነው ሐኪም ነው።

አስታውሱ፦ ውሃ አፍሉ፣ ቅጠል አብስሉ፣ ከብትን ከረግረግ አርቁ።

መልካም ጤና!