የአበባ መልእክተኞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያሉት አርባ ቀኖች በቤተ ክርስቲያናችን ወርኃ ጽጌ ተብለው ይጠራሉ። በነዚህ ቀኖች የእመቤታችንን ስደት በማኅሌት እያሰብን፥ እርሷን በአበባ፥ ልጇን በፍሬ እየመሰልን እናመሰግናለን። ነገር ግን አበባ እንዴት ፍሬ እንደሚሆን አስተውለን እናውቃለንን? ጌታችን የሜዳን አበቦች ልብ ብለን እንድንመለከት አስተምሮናልና፥ ዛሬ ይህን እንመለከታለን።

አበባ ለዐይን ማማር ብቻ አልተፈጠረም። በውስጡ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ወንዴ ነው፤ በጫፉም ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይይዛል። ሁለተኛው ሴቴ ነው፤ ጫፉ የሚያጣብቅ ሲሆን በሥሩ ዘር የሚሆነውን ክፍል አቅፎ ይኖራል። ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ ካላረፈ አበባው ይረግፋል እንጂ አያፈራም። ተክል ደግሞ እግር የለውም፤ ስለዚህ መልእክተኛ ያስፈልገዋል። ለበቆሎ ነፋስ ያገለግለዋል፤ ጤፍና ስንዴ በገዛ ብናኛቸው ያፈራሉ። ለብዙዎቹ አትክልት ግን ፈጣሪያችን ንብን፥ ቢራቢሮን፥ ዝንብንና ጥንዚዛን አዘጋጀላቸው። የእሬትን ቀይ አበባ ማንቁረ ረጅሟ ትንሽ ወፍ ትጎበኘዋለች፤ በሌሊት ለሚፈኩትም አንዳንድ አበቦች የሌሊት ወፍ ትላካለች።

በጓሮአችን ያለውን ዱባ እንመልከት። ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው አበባ ናቸው። በሴቴዋ አበባ ሥር ትንሽ ዱባ ትታያለች፤ ብናኙን የሚያደርስላት ካልመጣ ግን ያች ትንሽ ዱባ ገርጥታ ትወድቃለች። ኑግም እንዲሁ በገዛ ብናኙ አያፈራም፤ የሌላውን ኑግ ብናኝ ይሻል። እርሻው በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ ሆኖ ሲታይ፥ ንብ ለራሷ ምግብ ስትደክም ብናኙን በጠጕራም ገላዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች። እንግዲህ ንብ ለቤተ መቅደስ ጧፍ ሰሙን ከመስጠቷም በላይ፥ በጾም ወራት ወጣችን ለሚሠራበት ዘይት ምክንያት ናት ማለት ነው። ደግሞም በአንድ ጉዞዋ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓይነት አበባ ብቻ ትቀስማለች፤ ወዲያና ወዲህ ብትል ኖሮ የኑግ ብናኝ በባቄላ ላይ ወድቆ በከንቱ በቀረ ነበር።

ከዚህ የሚበልጥ ድንቅ በሾላ ዛፍ ላይ ይታያል። ፍሬ ብለን የምንጠራው ውስጡ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ከረጢት ነው። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ በጠባቧ ቀዳዳ ትገባለች፤ ስትገባም ብዙ ጊዜ ክንፎቿ ይነቀላሉ። ብናኙን አድርሳ፥ እንቍላሏን ጥላ፥ በዚያው ትሞታለች፤ ልጆቿም ብናኝ ተሸክመው ወደ ሌላ ሾላ ይሄዳሉ። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ ከዚህ ወገን ነው። ነገር ግን በእስራኤልና በግብፅ አገር ይህች ተርብ ስለሌለች ዛፉ ዘር አይሰጥም፤ ፍሬው እንዲበስል የሰው እጅ በስለት ይበጣው ነበር። የነቢዩ የአሞጽ ሥራ ይኸው እንደ ነበረ ብዙ መምህራን ያስረዳሉ። እነሆ፥ የአንዲት ትንሽ ፍጥረትን ሥራ ሰው በብዙ ድካም ቢተካው እንኳ ዘር ማስገኘት አልቻለም።

በጀርመን አገር የሽፓንዳው ትምህርት ቤት አለቃ የነበረው ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1787 ዓ.ም. በአንድ የዱር አበባ ላይ ጥቃቅን ጠጕሮችን አየ። ጥበበኛው ፈጣሪ አንዲት ጠጕር እንኳ በከንቱ አልፈጠረም ብሎ ስላመነ መረመራቸው፤ በአበባው ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ ከዝናብ እንደሚጠብቁም ተረዳ። የምርመራውን መጽሐፍ በ1793 ዓ.ም. አሳተመ። በዘመኑ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ኋላ ግን እውነቱ ተገለጠ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህን ማወቅ ግዴታን ያመጣል። ገበሬ ሰብሉን ከተባይ መጠበቁ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በጠራራ ፀሓይ፥ በፈካ አበባ ላይ መርዝ ቢረጭ፥ የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ያደርጋል፤ የራሱንም ፍሬ ያጐድላል። ይህ ሳያውቁት የሚፈጸም በደል ነው፤ ካወቁት በኋላ ግን ባልንጀራን መበደል ይሆናል። ስለዚህ መርጨት ግድ ቢሆን፥ አበባው ከመፍካቱ በፊት ወይም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ወደ ማታ ይሁን፤ ንብ ላለው ጎረቤትም አስቀድሞ ይነገረው። ማር ስንቈርጥ ንቡን በእሳት አናቃጥል፤ ለራሱም ስንቅ እናስቀርለት። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጠብቀው ያቈዩልን ደን የነዚህ ፍጥረታት ማደሪያ ነውና፥ በአጥሩና በዛፉ እንትጋ።

ንብ የምታገለግለውን አታውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። እርሷ ሳታውቅ ሌላውን ከጠቀመች፥ እኛ እያወቅን እንዴት እንጐዳለን? አበባውን ያለ መልእክተኛ ያልተወ አምላክ፥ እኛንም በጎ ፍሬ የምናፈራ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።