በዝዋይ የበቀለ የቦርዶ ወይን

ሪፍት ቫሊ በሚል ስያሜ የሚሸጠው ቀይ ወይን ጠጅ የሚመረተው በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ፣ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ዝርያው ግን ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የገዛው የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ነጩን ሻርዶኔ ከአገሩ አስመጥቶ ተከለ፤ ወይኑም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረበ። እርሻው ከ100 ሄክታር በላይ ይሆናል። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት ዙሪያውን 2 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮለታል።

የዚህን እርሻ ጥበብ ጠጪው እምብዛም አያውቀውም። የወይን ሐረግ በፈረንሳይ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ብርዱ ሲያልፍ ያቆጠቁጣል፣ መስከረም ላይ ይለቀማል። ዝዋይ እንዲህ ያለ ብርድ የላትም። ሐረጉን ዝም ብለው ቢተዉት ዓመቱን ሙሉ ሲያቆጠቁጥ ይኖራል፤ በአንድ ግንድ ላይ አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ዘለላ አንድ ላይ ይታያል። እንዲህ ካለ ለቀማ ጥሩ ወይን አይወጣም፤ የጥሬው ኮምጣጣነት የበሰለውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ዕረፍቱን የሚሰጠው ገበሬው ነው። ውሃ ይቀንስበታል፤ እድገቱ ሲገታ ቅርንጫፉን ጥቂት ዓይን ብቻ አስቀርቶ ይገርዘዋል። ከግረዛው በኋላ ዓይኖቹ እኩል ይፈነዳሉ፣ ዘለላውም እኩል ይደርሳል። የግረዛውን ቀን መምረጥ የለቀማውን ቀን መምረጥ ነው፤ ዝናብ ያገኘው የበሰለ ፍሬ ውሃ ጠጥቶ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ለዚህም ቀኑ የሚቆጠረው ዘለላው በበጋ እንዲደርስ ሆኖ ነው።

የቀይ ወይን ቀለም ከልጣጩ የሚገኝ ነው፤ የአብዛኛው ጥቁር ወይን ጭማቂ ራሱ ነጣ ያለ ነው። ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ሲፈላ በቆየ ቁጥር ቀለሙ ይጠቁራል፣ ምላስን የሚይዘው ጣዕምም ይጠነክራል። ከልጣጩ ቶሎ የተለየ፣ ወይም እንደ ጋሜ ልጣጩ ስስ ከሆነ ዝርያ የተጠመቀ ወይን ቀለል ይላል። ከዝዋይ ቀዮች መካከል ለስለስ የሚለው ሜርሎ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደረቅ ወይን ላይ ነው። ስኳር የሌለውን ወይን ቀምሶ «ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስ እንግዳ በየምግብ ቤቱ አለ። ብርዝን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ብርዝ የሚጣፍጠው የማሩ ስኳር ገና ስላልተበላ ነው፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጠው ጠጅ ይሆናል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል። ወይንም እንዲሁ ነው። ደረቅ የሚባለው ወይን ስኳሩ ተበልቶ ያለቀ ነው፤ እንደ አክሱሚት ባለው ጣፋጭ ወይን ውስጥ ግን ስኳር አለ። ጣፋጭ የሚወድ ሰው ጣፋጩን ይግዛ። ደረቁን ገዝቶ ኮካ የሚጨምርበት ግን የገበሬውን የዓመት ልፋት በለስላሳ እያጠበ ነው። ከደጋዋ የቆሰበር ከተማ እስከ አዲስ አበባ ይህ ልማድ ተለምዷል፤ ሊተው ይገባል።

አቀራረቡና አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለል ያለ ቀይ ወይን ከ12 እስከ 14፣ ጠንከር ያለው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ጣዕሙ ይወጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው ቆሰበር ቤት ውስጥ ጥላ ላይ የዋለ ጠርሙስ ያለ ማቀዝቀዣ ወደዚህ ሙቀት ይጠጋል፤ በዚህ በኩል ደጋው ዕድለኛ ነው። በቆላ ከተሞች ግን ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ መግባት አለበት። ጠርሙሱን ለዕይታ ብሎ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ መደርደር ወይኑን ማበላሸት ነው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ይጋደም፤ ቆሞ ሲከርም ቡሹ ደርቆ አየር ያስገባል።

ደረቅ ቀይ ወይን ከጥብስና ከቁርጥ ጋር ይስማማል። ሚጥሚጣው ከበዛ ግን አልኮሉ ቃጠሎውን ስለሚያባብሰው ወይኑን ትንሽ ማቀዝቀዝ ይረዳል። የተከፈተ ጠርሙስ በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አቼቶ እያደላ ስለሚሄድ ለሰላጣ ይሆናል።