የፍቅርና የስለላ ልብ ወለድ ደራስያን የዕለት ኑሮ

በፍላቂትና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በላስታ ደጋ «ደራሲ» የተባለ እንደ ሆነ የሽማግሌዎች አሳብ ወደ ቤተ ክህነት ይሄዳል። ደራሲ ማለት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ወይም ቅኔ የሚያስተምር መሪጌታ ነው። የመሪጌታውም ኑሮ የታወቀ ነው፤ በደብሩ አገልግሎትና በማስተማሩ ይተዳደራል። የፍቅርና የስለላ ታሪክ ከልቡ አፍልቆ የሚጽፍ ሰው ግን በምን ይተዳደራል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስም የተለመደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮም ካሳተሙት መጽሐፍ ወዲህ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቁት ደራስያን አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ነበሩ። ክቡር አቶ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ. ም. ሲያሳትሙ የረጅም ዘመን ዲፕሎማት ነበሩ። አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ከላስታ ጎረቤት ከዋግ የተወለዱት አቶ ማሞ ውድነህም ጋዜጠኛ ነበሩ። በ1957 ዓ. ም. በደማስቆ የተሰቀለውን የእስራኤል ሰላይ የኤሊ ኮኸንን ታሪክ «የኛ ሰው በደማስቆ» ብለው ለአማርኛ አንባብያን ያቀረቡ እርሳቸው ናቸው።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ጊዜ የማተሚያውን ዋጋ የሚከፍለው ራሱ ደራሲው ነው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል፤ አከፋፋዩና መጽሐፍ ሻጩም ድርሻቸውን ያነሣሉ፤ የተረፈው ለደራሲው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ ላይ አንዱ መጽሐፍ በውሰትና በኪራይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በብዙ ሰው ይነበባል፤ ደራሲው ግን የአንዱን ዋጋ ብቻ ያገኛል። የቤልጂጉ ዦርዥ ሲምኖን በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፉ አንድ የፖሊስ ልብ ወለድ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱ ነበር። መጽሐፎቻቸው በብዙ ቋንቋ ስለሚሸጡ ሌላ ሥራ አላስፈለጋቸውም። የእኛ ደራሲ ግን ቀኑን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቶ፣ ለድርሰቱ የሚተርፈው ማታውና የዕረፍት ቀኑ ነው።

ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቱ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ምንም አይሰጥም ማለት አይደለም። ጋዜጠኛ አገር ያያል፤ ባለሥልጣኑንም ወታደሩንም ቀርቦ ያውቃል። አቶ በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሳሉ በ1974 ዓ. ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሄዱ። በዚያ ካዩት ተነሥተው ፍቅርና ስለላ የተጋመዱበትን «ኦሮማይ»ን ጻፉ። መጽሐፉ በ1975 ዓ. ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ደራሲው ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ በ1976 ዓ. ም. በየካቲት ወር ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። እንግዲህ እንጀራውንም የድርሰቱንም ነገር የሰጣቸው አንድ መንግሥት ነበር፤ እንጀራውን የነሣቸውም እርሱ ነው። ደመወዝ ብዕርን ያኖራል፤ ብዕርንም ያስራል የሚባለው በዚህ ይታወቃል።

ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ. ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። የእንጀራው ጥያቄ ግን አልቀረም። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዳሩ ግን ዛሬ መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ተቀድቶ በስልክ ሲዞር፣ ደራሲው በየአንባቢው ደጅ እየዞረ ሊከስ አይችልም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ደራሲውን ከመሥሪያ ቤት ጥገኝነት ሊያወጣው የሚችለው ከሁሉ አስቀድሞ ገዝቶ የሚያነብ ሰው መሆኑን ነው። ፍላቂት ያለ ተማሪም ሆነ አዲስ አበባ ያለ መምህር፣ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ሲከፍል ለደራሲው አንዲት የጽሕፈት ሌሊት ገዛለት ማለት ነው።