አውቶቡስ ያልያዛቸው ተማሪዎች

የካቲት ሲገባ በሆሳዕና ትምህርት ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ አዲስ አበባ እንሄዳለን?» በዱራሜና በሺንሺቾ ያሉ የሙያ ጓደኞቼም ይህንኑ ይጠየቃሉ። ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ ያለው ጊዜ የትምህርት ጉብኝት ወቅት ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የሳይንስ ክበብም አስተባብራለሁ። ስለዚህ መዋጮ መሰብሰቡ፣ የወላጅ ፈቃድ መቀበሉ፣ ሙዚየም ቀጠሮ መያዙ፣ መኪና መከራየቱ በእኔ እጅ ያልፋል። በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ እምነት አጥብቄ ይዣለሁ፤ የጉብኝቱ ዋጋ የሚለካው በሄዱት ሳይሆን በቀሩት ተማሪዎች ነው።

የሚቀሩት ይበዛሉና። የእኛ አካባቢ ነገር ይታወቃል። ደቡብ አፍሪካ ወንድም ያለው ልጅ ስሙን ቀድሞ ያስመዘግባል። እናቱ ቅቤ ሸጣ የምታስተምረው ልጅ ደግሞ ወረቀቱን ወደ ቤት ሳያደርስ ቦርሳው ውስጥ ያስቀረዋል፤ መልሱን ያውቀዋላ። ለጥቂቶች መዋጮ እናሟላለን፤ ለሁሉም አንችልም። ታዲያ የሳይንስ ጉብኝት የከፈለ ብቻ የሚያየው ከሆነ ለትምህርት ቤቱ ምን ጨመረ?

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ፣ ክፍሉ በሙሉ ባለበት ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። የሚሄደውም የማይሄደውም ተሰብስቦ ከሰል ላይ ውኃ ያፈላል፤ በቴርሞሜትር ይለካል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውኃው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢያርገበግቡት ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። «ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። ሌላ አመጣለሁ፤ ያው ነው። የመጽሐፉ 100 ዲግሪ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ባለው የአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልን መጠን ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ ውኃም በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል።

ከዚህ በኋላ እኔ ዝም እላለሁ፤ ጥያቄው ከእነሱ ይመጣል። ሐላባ ቁሊቶ ወርደን ብንለካስ? ሐምበሪቾ አናት ላይስ? ያ 777 ደረጃ የተሠራለት የከምባታ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ይህን ስታሰላ ቆይታ «ለካ ለዚህ ነው አያቴ ቤት ባቄላ አልበስል የሚለው!» አለች። አያቷ ደጋ ናቸው። ልጅቱ ከመጽሐፍ ያልተነገራትን ራሷ ደረሰችበት፤ የአስተማሪነት ደስታ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ በወረቀት ይጽፋል። የማይሄደው ልጅ የጻፈውን ለሚሄደው ያስረክባል። አደራ ነው። አደራ ተቀብሎ የሄደ ልጅ በሙዚየም ውስጥ አካሄዱ ይለያል፤ ፎቶ ተነስቶ አይወጣም፤ አስጎብኚውን ይፈልጋል፤ መልሱ ካልገባው ደግሞ ይጠይቃል። ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀው ጓደኛ አለውና።

መኪናው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። እስከ አዲስ አበባ ያለውን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብዙ ትምህርት ቤቶች በዘፈንና በእንቅልፍ ይጨርሱታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ መንገዱ ራሱ ትምህርት ነዋ። ወራቤንና ቡታጅራን እንዳለፍን ጢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች የቆሙበት። እዚያ ልጆቹ የድንጋዩን ቁመት ሳይነኩት በጥላው ያሰላሉ፤ አንድ ሜትር እንጨትና የሦስት ማዕዘን ትምህርት ይበቃል። ከዚያ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች ጥቁር የእሳተ ገሞራ ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ የሠሩበት ስፍራ ነው። ተመራማሪዎች 700 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የእግር አሻራም እዚያ አግኝተዋል፤ የአዋቂዎችና የሕፃናት። ይህን ስነግራቸው መኪናው ውስጥ የሚነሳውን ጥያቄ መልሼ አልጨርሰውም።

አዲስ አበባ ስንደርስ ብሔራዊ ሙዚየም እንገባለን። ድንቅነሽ ፊት ሲቆሙ «እውነተኛዋ ናት?» ማለታቸው አይቀርም። ለእይታ የቀረበው አምሳያዋ መሆኑን፣ ዋናው አጥንት ለጥበቃ ሲባል ተለይቶ እንደሚቀመጥ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ እውነቱን ሲያውቁ አክብሮታቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው አጽም 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር እንዴት ታወቀ? ከዳሌና ከጉልበቷ አጥንት ነው። ልጆቹ በራሳቸው ጉልበት ላይ እየዳሰሱ ይከታተላሉ።

በመስከረም 2015 የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ሌላ ዓለም ነው፤ ሮቦት፣ የሳይበር ደኅንነት፣ የጤና ቴክኖሎጂ፣ በጉልላት ጣሪያ ላይ የሚታይ ፊልም። ልጆቹ ሁሉንም ለማየት ይሮጣሉ። እኔ በትናንሽ ቡድን ከፍዬ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር መርጦ ለረጅም ጊዜ እዚያው እንዲቆም አደርጋለሁ። አንዳንድ ወላጆች «ይህን ያህል ከፍለን አንድ ነገር ብቻ?» ይሉኛል። ልጁ ሌላውንም እያለፈ ያየዋል። ተመልሶ ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚችለው ግን የቆመበትን ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ የምወደው ሰው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው። የአቶሚክ ቦምቡ ሳይንቲስት ወንድም ነው፤ በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ተገፍቶ ኮሎራዶ ውስጥ በምትገኝ ፓጎሳ ስፕሪንግስ በተባለች የገጠር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን፣ ጎብኚው በእጁ እየነካ የሚማርበትን ሙዚየም ከፈተ። ያ ሙዚየም ከመሥራቹ የገጠር ክፍል ልምድ ብዙ እንደወሰደ አምናለሁ።

ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ የሄዱት ለቀሩት ያሳያሉ። አደራው እዚያ ይመለሳል። ያዩትን መተረክ ብቻ አይበቃም፤ ሠርተው ማቅረብ አለባቸው። ከካርቶን ካሜራ፣ ከመርፌ ሲሪንጅ በውኃ ግፊት የሚንቀሳቀስ ክንድ ሠርተው ያመጣሉ። የቀሩትም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ቡላ ላይ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ስታርች መሆኑ ተገለጠ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ለምን ይታሸጋል? ይህን ያስረዱን እናቶች ናቸው፤ እኛ የጨመርነው ስለ ባክቴሪያውና ስለ አሲዱ ያለውን ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ለተማሪ ሳይንስ ሲያስረዱ ማየት የልጆቹን አንገት ቀና ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ሆኖም የአንድ ትምህርት ቤት ጥረት ነው። የሕንዱ የኮልካታ ቢርላ ኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1965 ዕቃዎቹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መሄድ ጀመረ፤ ዛሬ በሕንድ የተለመደ አሠራር ነው። የእኛም የሳይንስ ሙዚየም እንዲህ ያለ አንድ መኪና አሰናድቶ በዓመት አንድ ሳምንት ሆሳዕና፣ አንድ ሳምንት ዱራሜ ቢያቆምልን ስል እጠይቃለሁ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ቦታውንና አስረጂ ተማሪዎቹን ይስጠን። ነዳጁን ዞኖቹና ነጋዴዎቻችን ይሸፍኑ። እኛ መምህራን ልጆቹን ጥያቄያቸውን አስይዘን እንጠብቃለን።