አፈሙዝ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ግን ሁሌ

ርካሽ ፕሪንተር ገዝቶ በቀለም ወጪ የተማረረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ማሽኑን አንዴ ትገዛላችሁ፤ ቀለሙን ግን ዕድሜ ልክ። ጠመንጃም እንደዚያው ነው።

በአዳኞች ዘንድ የታወቀ የቁጠባ ዘዴ አለ። ውድ ጠመንጃ ከመግዛት ይልቅ ርካሹን፣ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮሰውን ይዞ አፈሙዙን ብቻ በሰፊ ማስቀየር። ያው ጠመንጃ ትልቅ ጥይት ይጎርሳል ማለት ነው።

ዋናው ምሳሌ በ1905 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥይት ነው። በዚያ ዘመን አፍሪካ ውስጥ ለጎሽና ለዝሆን የሚመረጠው የእንግሊዞች ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ 9.3 ሚሊ ሜትር ጥይት ሠራ። ብልሃቱ የቀለሁ ቂጥ ላይ ነው፤ ስፋቱ ከተለመደው የማውዘር 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ቁመቱም ማጉረሻው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መቀርቀሪያው ያው ሆኖ፣ በርካሹ ማውዘር ላይ ሰፊ አፈሙዝ መግጠም ተቻለ። በጀርመን ቅኝ ግዛቶች የነበሩ ሰፋሪ ገበሬዎች ወደዱት።

ማውዘር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ቤልጅግ የምንለው የእሱ ዘር ነው። ታዲያ ይሄ ስሌት ከፋ ውስጥ ያዋጣል?

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. 11 ሚሊ ሜትር የሚተኩሰውን ግራ ጠመንጃ ሠራች። በ1886 ደግሞ ወደ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ዞረች። አሮጌው ለነሱ ትርፍ ዕቃ ሲሆን በባሕር በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። ውጅግራ ያልነው እሱን ነው። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋ ሲገባ ጠመንጃ ይዞ ነበር። የታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሠራዊት ግን በአብዛኛው የታመነው በጦር ነበር። ንጉሡ ከወራት ማሳደድ በኋላ ተያዘ።

ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚጥመው ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያ ዘመን በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ አገለገለ። ብሩ ማሪያ ትሬዛ፣ ዝርዝሩ ጥይት! እስቲ አስቡት፤ አንዱ ተነስቶ የውጅግራውን አፈሙዝ ለብርቅዬ ጥይት ቢያስቀይር ምን ይሆናል? ጠመንጃው ይተልቃል፤ ጎረቤቱ ግን አያበድረውም፣ ገበያው አይመነዝርለትም። ጥይትን ዋጋ የሚሰጠው ስፋቱ ሳይሆን ስንት ሰው እንደሚፈልገው ነው።

ዛሬም ሒሳቡ አልተለወጠም። በከፋ የገበሬውን በቆሎ የሚፈጁት ዝንጀሮና ከርከሮ ናቸው፤ ለእነሱ የጎሽ ጥይት ምን ይሠራል? ማደንም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል። የከፋ ደን ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ስለዚህ ብርቅ ጥይት የመረጠ ሰው በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝበት በር በጣም ጠባብ ነው።

ሌላው ወጪ አካል ነው። እንደ 9.3 ሚሊ ሜትሩ ያለ ጥይት ሲተኮስ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከ3,000 ባር ይበልጣል፤ የመኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ነው። አፈሙዙና መቀርቀሪያው በልክ ካልተገጣጠሙ ያ ሁሉ ግፊት ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። በሰፈር ብየዳ የሚሞከር ነገር አይደለም።

የኦቶ ቦክ ስሌት የሠራው ጥይቱን እየሠራ የሚያቀርብ ፋብሪካና የሚያደርስ መርከብ ከኋላው ስለነበረ ነው። ጠመንጃ ይሁን ስልክ ወይም የቡና መፈልፈያ፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «የሚበላውን ከየት አመጣለታለሁ?» ብለን ብንጠይቅ ኪሳችን ይድናል።