ሕገ ልቦና የት ይጻፍ?

ወረታ ገበያ ዳር ማመልከቻና ፎርም በሚሞላባት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ከጭልጋ መጥተው ሩዝ ነጋዴ ልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ ናቸው። ጸሐፊው ወጣት «አባቴ፣ ሃይማኖትዎ?» አላቸው።

«ሕገ ልቦና።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ። ፎርሙ ላይ ከተደረደሩት ሳጥኖች አንዱም አይሆንም። «ኦርቶዶክስ ልበል?» ሲላቸው «እንዳሻህ፣ ልጄ። ክርስትናውንስ ተነስቻለሁ» አሉት። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ባዶ ሳጥን ነው።

ሕገ ልቦና የቅማንት ሕዝብ የአባቶች እምነት ነው። ስለ ቅማንት ጥያቄ ያልሰማ አንባቢ የለም። ማንነት፣ ቀበሌ፣ ወሰን ሲባል ዓመታት አልፈዋል። እምነቱን ያነሳ ግን ጥቂት ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 አብሯቸው ተቀምጦ ባሳተመው መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ ጸሎቱ የሚደረሰው ጣሪያ በሌለበት፣ ትልልቅ ዛፎች በተጠበቁበት ስፍራ ነው። የሚመራው ወምበር የሚባለው የበላይ ካህን ነው፤ በሥሩ ከማዛና የሚባሉ ካህናት አሉ። ቅዳሜ ይከበራል። ቅማንት ያልሆነ ሰው ያረደው አይበላም። ለሟች ነፍስ ካሳ የሚባል ድግስ ይደገሳል። ጸሎቱ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በቅማንትኛ ነው፤ በ1987ቱ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ነኝ ሲል፣ አፉን በቅማንትኛ የፈታው ግን 2,000 አልሞላም። ጸሎትና ቋንቋ አብረው ተዳከሙ። ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ጀምሮ ክርስትና እንዲነሱ ግፊት ነበር፤ የጎረቤት ስድብም ነበር።

አዛውንቱን ሻይ ጋብዤ አወራኋቸው። «እንጨት አምላኪ ይሉን ነበር። ዛፍ አናመልክም፤ ከዛፉ ሥር ቆመን እግዜርን ነው የምንለምን» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «አባቴን ከማዛና ጸልዮ ቀበረው። እኔን ማን ይጸልይልኛል? ልጄ ቋንቋውን አያውቅ፣ ቄሱ አባቴን አያውቅ።»

ለአንድ የባህል ኃላፊ ደውዬ ስለ እምነቱ ብጠይቃቸው «አሁን ይህን ባንነካካው ይሻላል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

የባዶ ሳጥኑ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የጋምስት መጽሐፍ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የቶራጃ ሕዝብ የአባቶች እምነት የሆነው አሉክ ቶ ዶሎ በመንግሥት ዘንድ ታወቀ፤ የታወቀው ግን የሂንዱ ቅርንጫፍ ተብሎ ነው። በሱላዌሲ ተራሮች ለሟች ጎሽ የሚያርደው ገበሬ በወረቀት ሂንዱ ሆነ። መንገዱ የተቃናው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2017 ነው፤ የሀገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የነባር እምነት ተከታዮች በመታወቂያቸው ላይ እምነታቸው እንዲሰፍር ወሰነ።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2010፣ በሰሜን ጎንደር ስምንት ቀበሌዎች በቅማንት አስተዳደር ሥር ለመሆን ወይም በነባሩ ለመቀጠል ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበሩበት ቀሩ። የክልሉ ምክር ቤት ቀደም ሲል በ2007 ለ42 የቅማንት ቀበሌዎች ራስን የማስተዳደር መብት ሰጥቶ ነበር። የተጠየቀው በይበልጥ ስለ መሬትና አስተዳደር ነበር፤ ወምበሩን የጠየቀ አልሰማሁም። የእምነቱ ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ፤ በኋላ የተከተለው ግጭት ነው፤ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። እምነቱ መረሳቱ በእኔ ዓይን ትልቅ በደል ነው፤ ቀበሌው የቱም ይሁን፣ ጸሎቱ የዚያው ሰው ንብረት ነበር።

በ1999ኙ ቆጠራ ቅማንት ለብቻው አልተቆጠረም። እምነቱም ቢጠየቅ «ባህላዊ» በሚለው ጥቅል ውስጥ ይገባ ነበር። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተላልፏል፤ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቀው ሰው ደግሞ እያረጀ ነው።