ፊልም በሁለተኛ ዲግሪ፦ ከጣና ሰሜን ዳር ሲታይ

ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሲያቀርብ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን ወሰደ። በዓመቱ ደግሞ በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል የአፍሪካ ሲኒማ ታላቅ ክብር የሆነውን የየኔንጋ ሽልማት ተቀበለ። የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ የሚመለሰው ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ነው። ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ የተሸሸጉት ወጣቶች፣ ልጇን ስትጠብቅ ያረጀችው እናት፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ የሚለብሰው ሐይቅ ሁሉም የዚሁ አገር ናቸው። ከሐይቁ ሰሜን ዳር፣ ከጎርጎራ የሆነ ሰው በአካባቢው ኮረብታ ላይ የሚያውቀውን ዓይነት የጣሊያን ሐውልት በፊልሙም ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ ፊልምን በሁለተኛ ዲግሪ ልማር የሚል ወጣት መስኩ ምን ይመስላል ብሎ ሲጠይቅ፣ ትምህርቱን ከሩቅ አገር የመጣና ለእሱ እንግዳ የሆነ ነገር አድርጎ ማሰብ የለበትም።

በድኅረ ምረቃ ደረጃ ፊልም መማር ሁለት መልክ አለው። አንዱ መሥራት ነው፤ ተማሪው ስክሪፕት ይጽፋል፣ ያዘጋጃል፣ ይቀርጻል፣ ኤዲት ያደርጋል፣ መመረቂያውም ፊልም ይሆናል። ሌላው ማጥናት ነው፤ የፊልምን ታሪክ፣ ንድፈ ሐሳብ፣ ተመልካችና ገበያ ይመረምራል፣ መመረቂያውም ቲሲስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ኤምኤፍኤ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። እንግሊዝ ውስጥ ማስተርስ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ነው። ቴሌቪዥኑና ኢንተርኔቱ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ከተደባለቁ ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ ከትልቁ መጋረጃ አልፎ በስልክ ላይ የሚታየውን ተከታታይ ድራማ ሳይቀር ያካትታል።

እነዚህ ሁለት መንገዶች ሲለያዩ ሁለቱም ይጎዳሉ ብዬ አምናለሁ። የሚሠራው ከእሱ በፊት ምን እንደተሠራ አያውቅም፤ የሚያጠናው ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ ተዋናይ ሲቀር፣ ገንዘብ በመሀል ሲያልቅ ፊልሙ ለምን መልኩን እንደለወጠ አይረዳም። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በተለምዶ ዩሲኤልኤ ወደሚባለው፣ መሄድ ግድ ነው። የምንሄደው ግን የእኛ ሰዎች እዚያ ስለነበሩ ነው።

ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔት ደርሰው በየገጠሩ እየተዘዋወሩ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1967 ቺካጎ ቲያትር ሊማር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ዩሲኤልኤ ተሻግሮ ወደ ፊልም ገባ። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ለጥቁርና ለሌሎች ተገፍተው ለቆዩ ተማሪዎች በሩን በጥቂቱ ከፍቶ ስለነበር ቻርልስ በርኔትን፣ ጁሊ ዳሽንና ሌሎችን ያፈራ ትውልድ ተሰባስቦ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ «የኤል ኤ ዓመፅ» ያሉት ይህን ስብስብ ነው። ኃይሌ ገና ተማሪ ሳለ በዕረፍት ጊዜው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን እያሠራ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ እንደገና ለእይታ በቅቷል። የተማሪ ሥራ ከዓለም ሲኒማ ቅርሶች ተርታ መሰለፉን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉ ልብ ቢለው እወዳለሁ።

በዚያው ግቢ ግን ሌላ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ካሜራ ሳይሆን ብዕር የያዘው ተሾመ ገብርኤል። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በዩሲኤልኤ ሦስተኛ ዲግሪውን ሠራ፣ እዚያው ለረጅም ዓመታት አስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አረፈ። «ሦስተኛው ሲኒማ በሦስተኛው ዓለም» የተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1982 ታተመ። ዛሬ ከለንደን እስከ ጆሃንስበርግ የአፍሪካን ፊልም የሚያጠና ተማሪ ከዚህ ሰው ሐሳብ ጋር ሳይገናኝ አያልፍም። ዋና ጥያቄው ይህ ነበር፦ ተረትና ግጥም በቃል የሚተላለፍበት፣ ሰው ከመሬቱና ከጎረቤቱ ተለይቶ በማይታይበት አገር የሚሠራ ፊልም ጊዜንና ቦታን ከሆሊውድ በተለየ መንገድ አይዝም ወይ? ገበሬው ሜዳውን አቋርጦ እስኪደርስ ካሜራው ዝም ብሎ ቢጠብቀው ተመልካቹ ያንን እንደ መጓተት ሳይሆን እንደ ሕይወት ሊያየው ይችላል። የኃይሌን ፊልምና የተሾመን መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ሠሪውና አጥኚው ስለ አንድ ጉዳይ ሲነጋገሩ ይሰማል። ከመስኩ ምሰሶዎች አንዱ የሆነውን ሐሳብ ያዳበረው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ብዙ የፊልም ተማሪዎቻችን ከተመረቁ በኋላ መስማታቸው ያሳዝነኛል።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ አከፋፋይ ስላጣ ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ራሱ ከከተማ ከተማ ወስዶ አሳየው፤ ማከፋፈል የትምህርቱ አካል መሆኑን በሥራ አስተማረ ማለት ነው። ሌሎችም ፊልም እየሠሩ የማስተማርን መንገድ ይዘዋል። «የወንዝ ማዕበል»ን የሠራችው ሳሌም መኩሪያ በዌልስሊ ኮሌጅ፣ የማነ ደምሴ ደግሞ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በዚሁ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን የሠራው ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላምብ»ን ይዞ ካን ሲደርስ፣ ፊልሙ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ።

አገር ቤት የትምህርቱ ታሪክ አጭር ነው። በደርግ ዘመን የመንግሥት ፊልም ድርጅት ነበር፤ ባለሙያዎችም ለሥልጠና ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ይላኩ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲዘጋ የተማሩት ሰዎች ተበተኑ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ብዙ ተዋናይና ደራሲ አፍርቷል፤ ፊልም ግን ለረጅም ጊዜ በቲያትር ጥላ ሥር ነበር። በግል ደግሞ በ«አቡና» ካሜራ ሥራው በፌስፓኮ የተሸለመው አብርሃም ኃይሌ ብሩ ያቋቋመው ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ በተለይ የቀረጻን ሙያ አስተምሯል። ዩኒቨርሲቲው በእስክንድር ቦጎሲያን የትዕይንትና የእይታ ጥበባት ኮሌጅ ሥር የፊልም ማስተርስ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት አቦነህ አሻግሬ ከማይክል ቶማስና ከአሌሳንድሮ ጄድሎውስኪ ጋር ያዘጋጁት «ሲኔ-ኢትዮጵያ» የተባለ መጽሐፍ ታተመ። በኢትዮጵያ ፊልም ላይ ቲሲስ የሚጽፍ ተማሪ ዛሬ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ከታሪኩ ጽሑፎች ባሻገር የሴቶች ተሳትፎ ምን እንደሚመስል የሚመረምር ምዕራፍና ከሠሪዎቹ ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆች አሉበት።

ለጎንደርና ለባሕር ዳር ተማሪ ወደ መስኩ የሚያስገቡ ጎረቤት ትምህርቶች ሥነ ጽሑፍ፣ ፎክሎርና ጋዜጠኝነት ናቸው። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ተረት መሰብሰብ የሚያውቅ፣ ሰው አስቀምጦ አክብሮ መጠየቅ የሚችል ተማሪ ካሜራ መያዝን በወራት ይማረዋል፤ ካሜራ ብቻ የተማረ ግን ሽማግሌ ማናገርን በወራት አይማርም።

የጥናት ርዕስ ፍለጋ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። በሌሎች አገሮች ስለ ተሠሩ ፊልሞች የተጻፈውን መልሰው ይጽፋሉ፤ በአጠገባቸው ያለው ሳይነካ ይቀራል። ጎርጎራ የሚገኘው ደብረ ሲና ማርያም የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎቹ ይታወቃል። መቅደሱን እየዞረ የሚያይ ሰው ታሪኩን በትዕይንት በትዕይንት ያነበዋል፤ ማን ትልቅ ሆኖ እንደተሣለ፣ ማን ፊት ለፊት ማን በጎን እንደሚታይ፣ አንዱ ትዕይንት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ያስተውላል። ተሾመ ስለ ቦታና ጊዜ ያነሳውን ጥያቄ በዚህ ግድግዳ ላይ መፈተን ሙሉ ቲሲስ ይወጣዋል። በጣሊያን ዘመን ጎንደር ላይ የተሠራው ሲኒማ ቤት ማን እንዲያይበት ተሠራ፣ ከነፃነት በኋላስ ማን አየበት የሚለው ሌላ ነው። በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ የተገነባው መዝናኛ ከመጣ ወዲህ ከአየር የሚቀረጹ የጣና ምስሎች በዝተዋል፤ በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ሐይቁ አለ፣ ዓሣ አስጋሪውና ታንኳው ግን ከላይ ሲታዩ ነጥብ ያህላሉ። አገርን ከላይ ማየትና ከታንኳው ላይ ሆኖ ማየት ምን ልዩነት እንዳለው የሚጠይቅ ወጣት እፈልጋለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የፊልም ማኅደር ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ወጡ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በቪዲዮ የተሠሩ በጣም ብዙ ፊልሞች በየሲኒማ ቤቱ ታይተዋል። የቪዲዮ ካሴት መግነጢሱ በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ የሃርድ ዲስክ ዕድሜም አጭር ነው። ቪዲዮ ቤቶች ተዘግተው ባለቤቶቹ ካሴቱን ሲጥሉ የተጣለው የማስተርስ ተማሪው ዋና ምንጭ ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ከተማ የታዩትን ፊልሞች፣ ፖስተራቸውን፣ የቲኬት ዋጋቸውንና የባለሲኒማውን ትዝታ ሰብስቦ ቢያስቀምጥ ከአሥር የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ የበለጠ ይጠቅማል።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ አገር ውስጥ ለማመልከት የመጀመሪያ ዲግሪና የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያስፈልጋል። ውጭ ለሚያስብ ቼቭኒንግ የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል የአንድ ዓመት የእንግሊዝ ማስተርስን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድም የድኅረ ምረቃ ዕድሎች አሉት። ለፊልም ሥራ ትምህርት የሚያመለክት ከውጤቱ ጋር የሠራውን አጭር ፊልም ያያይዛል፤ በውድ ካሜራ መቀረጹ አይጠበቅበትም። ለጥናት የሚያመለክት ደግሞ ርዕሱን አጥብቦ፣ የት ሄዶ ማንን እንደሚያናግርና ምን ምን ፊልም በእጁ እንዳለ ጽፎ ይቅረብ። አማካሪ የሚሆነው መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ፊልሙ በእጁ ያለ ተማሪ ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት ሥራውን ጀምሯል።